የሞተር መጋዝን ጉልበት መጨመር፦ ማርሚታ ሲከፈት ምን ይገኛል? ምንስ ይታጣል?

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ከሀርጌሳ አየር ማረፊያ የሚነሳ አውሮፕላን ጠዋት ከሚያስፈልገው የረዘመ መንደርደሪያ ይፈልጋል። አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት የአየሩን ሙቀት፣ የቦታውን ከፍታ እና የጭነቱን ክብደት ያሰላሉ፤ ስሌቱ ካልገጠመ ጭነት ይቀነሳል። በ2002 በሞት በተለዩት የሶማሊላንድ ፕሬዝዳንት መሐመድ ሃጂ ኢብራሂም ኢጋል ስም የተሰየመው ይህ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ፣ ሙቀት ሲታከልበት ደግሞ ይበልጥ፣ አየሩ ይሳሳል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነውና አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል።

ይኸው የተፈጥሮ ሕግ ከአየር ማረፊያው አጥር ውጭም ይሠራል። በሶማሊላንድ ግራር የሚቆርጥ፣ በጎጃም ባሕር ዛፍ የሚጥል ወይም በአዲስ አበባ ዳርቻ ግንድ የሚከትፍ የሞተር መጋዝ በአምራቹ መግለጫ ላይ የተጻፈውን ጉልበት አያወጣም። ይህን የተረዳም ያልተረዳም ባለ መጋዝ ብዙ ጊዜ አንድ መፍትሔ ይቀርብለታል፦ ማርሚታውን መክፈት፣ ሞተሩንም "ማጠናከር"።

ለመሆኑ ይህ ሥራ ምንድን ነው? በእርግጥ ጉልበት ይጨምራል? በሞተሩ፣ በሠራተኛው እና በዛፉ ላይስ ምን ያስከትላል?

የከፍታው ሒሳብ

በባሕር ጠለል ላይ፣ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። በሀርጌሳ ሙቀቱ 30 ዲግሪ በሆነበት ቀን ይኸው አንድ ሜትር ኩብ ወደ 1 ኪሎ ግራም ይወርዳል። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው የአዲስ አበባ ቦሌ አየር ማረፊያ ደግሞ በ20 ዲግሪ ሙቀት 0.9 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው።

ይህ ማለት አንድ ሞተር በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው የአየር ይዞታ ያው ሆኖ ሳለ፣ ውስጡ ያለው ኦክስጅን በሀርጌሳ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድላል። በመካኒኮች ዘንድ የተለመደው ግምት ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሞተር ጉልበት 3 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው፤ የሙቀቱ ጉዳት በዚህ ላይ ይታከላል።

በትልልቅ ዛፎች ቆረጣ የሚታወቀውን የጀርመኑን ስቲል ኩባንያ "ኤምኤስ 660" ለምሳሌ ብንወስድ፣ ሞተሩ 91.6 ሲሲ ሲሆን የሚያወጣው ጉልበት 5.2 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 7 የፈረስ ጉልበት ያህል እንደሆነ ተገልጿል። በስሌት ሲታይ ይኸው መጋዝ በሀርጌሳ ቀትር ላይ ከ6 የፈረስ ጉልበት በታች፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 5 ገደማ ብቻ ይቀረዋል። መጋዙ አልተበላሸም፤ የጎደለው አየር ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንዴት ይሠራል?

የማርሚታውን ጉዳይ ለመረዳት የሞተሩን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የቤንዚን መጋዞች ባለ ሁለት ምት ሞተር አላቸው። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከበላዩ ያለውን የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ያምቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከሥሩ ባለው ክፍል ውስጥ አዲስ ድብልቅ ይስባል። ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ድብልቁ ተቃጥሎ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋል። ፒስተኑ ሲወርድ መጀመሪያ የጭስ መውጫውን በር፣ ቀጥሎም አዲሱ ድብልቅ የሚገባባቸውን በሮች ይከፍታል።

የዚህ ሞተር ብርታትም ድክመትም እዚህ ላይ ነው። ቫልቭ የለውም፤ ቀላል ነው፤ በየትኛውም አቅጣጫ ቢያዘነብሉት ይሠራል። ነገር ግን የጭስ መውጫውና የድብልቅ መግቢያው በሮች ለአፍታ አብረው ክፍት ስለሚሆኑ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከጭሱ ጋር አምልጦ ይወጣል። በቆየው አሠራር በተሠሩ ሞተሮች የሚባክነው ነዳጅ ሩብ ያህል ሊደርስ ይችላል።

ሌላው ልዩ ባሕርይ የቅባት ጉዳይ ነው። ይህ ሞተር እንደ መኪና ሞተር የራሱ የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል፤ እንደ አምራቹ መመሪያ ለአብዛኞቹ አዳዲስ መጋዞች አንድ እጅ ዘይት ለ50 እጅ ቤንዚን ነው። ስለዚህ የሚገባው ቤንዚን ሲቀንስ የሚገባው ዘይትም ይቀንሳል። ኋላ ላይ እንደሚታየው ብዙ ሞተሮች የሚቃጠሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ማርሚታው ለምን ጠበበ? ሲከፈትስ?

ማርሚታ የጭሱን ድምፅ የሚያፍን ሳጥን ነው። በውስጡ ጭሱን የሚያጠማዝዙ ግድግዳዎች፣ በመውጫው ላይ ደግሞ የእሳት ፍንጣሪ የሚያስቀር ጥሩ ወንፊት አለ። በአንዳንድ ሞዴሎች ያልተቃጠለውን ነዳጅ የሚያቃጥል ካታሊስትም ይጨመርበታል። አምራቾች መውጫውን የሚያጠቡት የድምፅና የብክለት ደንቦችን ለማሟላት ነው።

መውጫው ሲጠብ ጭሱ በፍጥነት አይወጣም። የቀረው ጭስ የአዲሱን ድብልቅ ቦታ ይይዛል፤ ሙቀትም በሲሊንደሩ ውስጥ ይቀራል። ማርሚታ የሚከፍቱ ሰዎች የሚሹት ይህን መታፈን ማቃለል ነው። ሥራው መውጫውን ማስፋት፣ ሁለተኛ መውጫ ማበጀት ወይም የውስጡን ግድግዳ ማውጣት ሊሆን ይችላል። በጣም ታፍኖ በተሠራ መጋዝ ላይ ለውጡ በእጅ የሚታወቅ ነው፤ ሞተሩ ቶሎ ዙር ያነሳል፣ ግንድ ውስጥም በቀላሉ አይደክምም። ቀድሞውኑ ሰፊ መውጫ ባለው መጋዝ ላይ ግን ከጩኸት በቀር የሚጨመር ነገር እምብዛም ነው።

"ክፍት በሆነ ቁጥር ይሻላል" የሚለው እምነትም ስሕተት ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ከማርሚታው ግድግዳ የሚመለሰው ግፊት ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ድብልቅ በከፊል ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል። ማርሚታው ጨርሶ ሲወልቅ ይህ ድጋፍ ይጠፋል፤ ሞተሩ ነዳጅ እየበላ ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል።

ይህን ግፊት በሳይንስ መልክ የተጠቀመበት በምሥራቅ ጀርመን የ"ኤምዜድ" ሞተር ሳይክል መሐንዲስ የነበረው ዋልተር ካደን ነው። በ1950ዎቹ ሆዱ ሰፍቶ ጫፉ የሚጠብ የጭስ ማውጫ ቱቦ አሻሽሎ የሚመለሰው የግፊት ሞገድ ልክ በሩ ሊዘጋ ሲል እንዲደርስ አደረገ። በ1961 የቡድኑ ተወዳዳሪ ኧርነስት ዴግነር ወደ ምዕራብ ኮብልሎ ለጃፓኑ ሱዙኪ ሲሠራ እውቀቱም አብሮት ተሻገረ። ዛሬ በእንጨት ቆረጣ ውድድሮች ላይ የሚታዩት፣ ከ60 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚያወጡ ግዙፍ መጋዞች የሚጠቀሙት ይህንኑ ዓይነት ቱቦ ነው። እነዚህ ማሽኖች የሚሠሩት ለጥቂት ሰከንዶች ሲሆን ቀኑን ሙሉ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ሊሸከማቸው አይችልም።

ከማርሚታ ባሻገር

ጉልበት ፈላጊዎች በማርሚታው ላይ አያቆሙም። የሲሊንደሩን በሮች በመሞረድ ማስፋትና ማለስለስ፣ ከሲሊንደሩ ሥር ያለውን ጋስኬት በማሳሳት የእምቅታውን መጠን መጨመር፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ጊዜ ማፍጠን የታወቁት ዘዴዎች ናቸው።

ሁሉም ዋጋ አላቸው። የጭስ በሩ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይበረታል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ይደክማል። በሩ ከልክ በላይ ከሰፋ የፒስተኑ ቀለበት ተነቅሎ ሊሰበር ይችላል። እምቅታ ሲጨምር ጥራቱ የጎደለ ቤንዚን ያለጊዜው ይፈነዳል፤ ፒስተኑንም ይበሳል። የዙር ገደብ ሲነሳ በሰከንድ ከ20 ሜትር በላይ የሚሮጠው ሰንሰለት ይበልጥ ይፈጥናል፤ የክራንክ ሻፍቱና የኩሽኔቶቹ ዕድሜም ያጥራል።

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ መጋዞች ሌላ ነገር ይዘው መጥተዋል። የስቲል "ኤም ትሮኒክ" እና የስዊድኑ ሁስክቫርና "አውቶ ቱን" የነዳጁን መጠን በኤሌክትሮኒክስ ራሳቸው ያስተካክላሉ። ከፍታና ሙቀት ሲለዋወጥ ሠራተኛው ካቻቢቴ ማንሳት አይጠበቅበትም። በቆላና በደጋ መካከል ለሚዘዋወር ሰው ይህ ማርሚታ ከመክፈት የበለጠ ጥቅም ሊሰጥ ይችላል።

ከሀርጌሳ ወደ በርበራ

ትልቁ አደጋ ያለው በካርቡራተሩ ላይ ነው። አየር ሲሳሳ በተለመደው ካርቡራተር የሚገባው ቤንዚን የአየሩን ያህል አይቀንስም። በዚህ ምክንያት በዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ መጋዝ ወደ ሀርጌሳ ወይም ወደ ጎንደር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል። ጭሱ ይወፍራል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ባለሙያ በማስተካከያው ብሎን ነዳጁን ሲቀንስለት መጋዙ ነፍስ ይዘራል። ብዙ ጊዜ "ደከመ" የተባለው ሞተር የሚፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው በመልስ ጉዞ ነው። ከሀርጌሳ እስከ በርበራ ወደብ ያለው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ1,300 ሜትር በላይ ወርዶ ባሕር ዳር ይደርሳል። የበርበራ አየር ማረፊያ ከ4 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንደርደሪያ ሲኖረው በባሕር ጠለል ደረጃ ላይ ይገኛል። ለሀርጌሳ የተስተካከለ መጋዝ እዚያ ሲነሳ አየሩ ይበዛል፣ ቤንዚኑ ግን በተቀነሰው ልክ ይቀራል። ሞተሩ ቀልጣፋና ጩኸተ ቀጭን ይሆናል፤ ሠራተኛውም "ተሻለው" ይላል። እውነታው ተቃራኒ ነው። ዘይት የሚያደርሰውም፣ በከፊል የሚያቀዘቅዘውም ቤንዚኑ በመሆኑ ፒስተኑ ይግላል፣ ይለጠጣል፣ በመጨረሻም ሲሊንደሩን ቧጭሮ ይጣበቃል።

ማርሚታው የተከፈተ መጋዝ ይህ አደጋ እጥፍ ይሆንበታል። ጭስ በቀላሉ ሲወጣ አየር በብዛት ይገባል፤ ስለዚህ ነዳጁ ካልተጨመረለት ያለ ከፍታ ለውጥም ሞተሩ ይራባል። ማርሚታን ከፍቶ ካርቡራተርን ሳያስተካክሉ መሥራት አዲስ ሞተር በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊያቃጥል ይችላል። ማስተካከያውም በጆሮ ግምት ሳይሆን በዙር መለኪያ፣ አምራቹ ከፈቀደው ገደብ ሳያልፍ መደረግ አለበት።

ጆሮ፣ እጅ እና እሳት

ማርሚታው ሳይነካ እንኳ የሞተር መጋዝ ድምፅ በሠራተኛው ጆሮ ላይ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም መመዘኛ ለ8 ሰዓት የሚፈቅደው 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ 100 ዴሲቤል ለ15 ደቂቃ፣ 109 ዴሲቤል ደግሞ ከ2 ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። ማርሚታ ሲከፈት የሚታከሉት ጥቂት ዴሲቤሎች በቁጥር ትንሽ ይመስላሉ፤ ለጆሮ ግን ትልቅ ናቸው። የጠፋ የመስማት ችሎታ አይመለስም። የጆሮ መሸፈኛ ያላደረገ ሠራተኛ ባልደረባው "ዛፉ መጣ!" ብሎ ሲጮህም ላይሰማ ይችላል።

ንዝረቱም ለዓመታት ሲደጋገም የጣቶችን የደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፤ ጣቶች ይነጣሉ፣ ይደነዝዛሉ። በሌላ በኩል የሰንሰለቱ ጫፍ ግንድ ሲነካ መጋዙ ወደ ሠራተኛው ፊት የሚወረወርበት አጋጣሚ አለ። ጉልበቱ የበዛ፣ ሰንሰለቱም የፈጠነ መጋዝ ሲወረወር ኃይሉ ይጨምራል።

ከሁሉ ይልቅ ለአካባቢው የሚያሰጋው እሳት ነው። የማርሚታው ወንፊት ሲወልቅ የጋለ ጥላሸት እየነደደ ይወጣል። በበጋ፣ በደረቀ ሣር መካከል አንድ ፍንጣሪ የግጦሽ መሬት ለማንደድ ይበቃል። ወንፊቱ ሲደፈን ሞተሩ ጉልበት ማጣቱ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን አውልቆ መጣል ሳይሆን አጽድቶ መመለስ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ መሠረት የሞተርን ብክለት መቆጣጠሪያ መነካካት የተከለከለ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2000 ባወጣው መመሪያ የሞተር መጋዝ የድምፅ መጠኑ ተለክቶ በላዩ ላይ እንዲጻፍ ያዛል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2024 ወዲህ ለሚሠሩ አነስተኛ ሞተሮች ጭስ አልባ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች።

በሌሎች አገሮች ቁጥጥሩ ያተኮረው ከሞተሩ ይልቅ በመጋዙ ባለቤት ላይ ነው። ፊሊፒንስ በ2002 ባወጣችው ሕግ ያለ ፈቃድ የሞተር መጋዝ መያዝን ወንጀል አድርጋለች። ጋና ከ1998 ጀምሮ በሞተር መጋዝ ጣውላ አዘጋጅቶ መሸጥን ከልክላለች። ኬንያ ደግሞ በ2018 በመንግሥት ደኖች ዛፍ መቁረጥን አግዳ እስከ 2023 ቆይታለች። ሁሉም የተነሱት ከአንድ እውነት ነው፤ በመጥረቢያ የቀን ሥራ የነበረው በሞተር የደቂቃዎች ሥራ ሆኗል።

ዛፉስ?

በሀርጌሳ ብዙ ቤተሰቦች ምግብ የሚያበስሉት በከሰል ነው። ለከሰል ተመራጩ በሶማልኛ "ገሎል" የሚባለው ግራር ሲሆን እንጨቱ ጠንካራ፣ ፍሙም የሚቆይ ነው። ይኸው ዛፍ ለግመልና ለፍየል መኖ፣ ለአርብቶ አደሩ ጥላና የቤት መሥሪያ ጭምር ያገለግላል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በየካቲት 2012 ከሶማሊያ ከሰል ወደ ውጭ እንዳይላክ ያገደው አል ሸባብ ከንግዱ ገቢ ስለሚያገኝ ነበር። ለከተሞች ማብሰያ የሚቆረጠው ዛፍ ግን ከዚያ እገዳ ውጭ ነው።

ጉዳዩ በባሕር ዛፍ ዘንድ መልኩ ይለያል። በአማራ ክልል ገበሬው ባሕር ዛፍን ራሱ ተክሎ፣ ራሱ ቆርጦ ይሸጣል፤ ጉቶውም ዳግም ያቆጠቁጣል። እዚያ ፈጣን መጋዝ የገበሬውን ድካም ያቃልላል። በዝግታ የሚያድግ የደረቅ ምድር ግራር ግን ከተቆረጠ በኋላ ለመተካት አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ለአንዱ ጥቅም የሆነው ተጨማሪ ጉልበት ለሌላው ጥፋት ሊሆን ይችላል።

ማርሚታው ከመነካቱ በፊት

የመጋዝ ባለሙያዎች ጉልበት አጣሁ ለሚል ሰው የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ሰንሰለቱን እንዲያይ ነው። የዘመናዊው ሰንሰለት ጥርስ ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምራል። አሜሪካዊው ዛፍ ቆራጭ ጆሴፍ ኮክስ በ1946 የጥንዚዛ እጭ እንጨትን ግራና ቀኝ እየበላ ሲያልፍ ተመልክቶ በዚያው አምሳል የሰንሰለት ጥርስ ሠራ፤ በቀጣዩ ዓመትም ኩባንያ አቋቋመ። ለውጡን ያመጣው የጥርሱ ቅርጽ እንጂ የሞተሩ ኃይል አልነበረም።

በትክክለኛው ሞረድ የተሳለ ሰንሰለት ረጃጅም ስንጣሪ ይጥላል፤ የደነዘ ሰንሰለት ደግሞ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ። ከሰንሰለቱ ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ይጸዳል፤ በአቧራማ አካባቢ ይህ የየዕለት ሥራ ነው። ካንዴላው፣ የነዳጅ ማጣሪያው፣ የማርሚታው ወንፊት እና የዘይት ድብልቁ ይፈተሻሉ። በመጨረሻም ካርቡራተሩ ለቦታው ከፍታ ይስተካከላል። እነዚህ ሁሉ ተደርገው መጋዙ አሁንም ካልበቃ፣ ያለውን ከማጨናነቅ ይልቅ ለሥራው የሚመጥን ትልቅ ሞተር መምረጥ የተሻለ ነው።

መጋዝ ይዞ መብረር

ከውጭ አገር መጋዝ ገዝቶ ወደ ሀርጌሳ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ መንገደኛ አየር ማረፊያው የራሱ ጥያቄ አለው። ቤንዚን የነካው ሞተር ተን ስለሚይዝ አየር መንገዶች እንደ አደገኛ ዕቃ ይቆጥሩታል፤ ብዙዎቹም ያገለገለ መጋዝን በሻንጣ አይቀበሉም። ነዳጅ ያልገባበት፣ በማሸጊያው ውስጥ ያለ አዲስ መጋዝን የሚፈቅዱ አሉ፤ ከጉዞ በፊት አየር መንገዱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በባትሪ የሚሠራ መጋዝም ገደብ አለው። በመንገደኞች አውሮፕላን ላይ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው የሊቲየም ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ፣ ከ100 እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ ይወሰዳል፤ ከዚያ የሚበልጠው አይፈቀድም። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት ክፍል አይገባም። የብርቱ መጋዞች ባትሪ ከ160 ዋት ሰዓት የሚበልጥ በመሆኑ እንደ ጭነት በተለየ ሥርዓት ይላካል።

ያም ሆኖ የኤሌክትሪክ መጋዝ ለደጋ አገር አንድ ጥቅም አለው። ሞተሩ አየር አያቃጥልም፤ ስለዚህ በበርበራ ወደብም፣ በሀርጌሳም፣ በቦሌም ጉልበቱ ያው ነው። ማርሚታ የለውም፤ የሚከፈት ነገርም የለውም። ባትሪውን የሚሞላ ኤሌክትሪክ በማይደርስበት ገጠር ግን የቤንዚኑ መጋዝ ገና ይቆያል፤ ከእርሱም ጋር በትክክል የተስተካከለ ካርቡራተር፣ የተሳለ ሰንሰለት እና በቦታው ያለ ወንፊት አስፈላጊነት።